ታብሌት ያለበት ትምህርት ቤት ወይስ ደብተር ብቻ ያለበት?

ጥያቄው የመጣው ከእስራኤል ነው። ጠያቂዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት፤ ከጎንደር በ9 ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር የሄደች። አሁን የመምህራን ኮሌጅ አራተኛ ዓመት ላይ ደርሳለች። የሚቀጥለው ዓመት ስታዧ ነው፤ ማለትም የማስተማር ፈቃድ ከመያዟ በፊት ክፍል ገብታ እየተከፈላት የምትለማመድበት ዓመት። ሁለት ትምህርት ቤቶች ጠርተዋታል። አንደኛው የመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ነው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ ታብሌት አለው፤ ኦሪቱም ሒሳቡም በሱ ነው። ሁለተኛው በሃይማኖቱ ጠበቅ ያለ የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ስክሪን የሚባል ነገር ክፍል አይገባም።

"ሁለተኛው ጋ ብገባ ኋላ ቀር መምህር ሆኜ እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ" ትላለች። "አንደኛው ጋ ብገባ ደግሞ ታብሌት ጠባቂ እንዳልሆን። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ቴክኖሎጂ ምን ታስቢያለሽ ቢሉኝ ምን ልበል? እናቴ ደግሞ 'ኮምፒውተር ያለበት ግቢ እንጂ፣ ምን ያመነታሻል' እያለች ታስጨንቀኛለች።"

እህቴ፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። እኔ ብሆን ለስታዡ ዓመት ደብተሩ ጋ እሄዳለሁ። አንድ "ግን" አለው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

"ኋላ ቀር እሆናለሁ" ያልሽው አያስጨንቅሽ። ታብሌት ይዞ ማስተማር ይለመዳል። አንድ የእረፍት ሰሞን ሥልጠና፣ ሁለት ወር ሙከራ፣ አለቀ። 30 ልጆች ፊት ቆመሽ ከኋላ የምትንሾካሾከዋን ሳትጮኺ በዓይንሽ ብቻ ዝም ማሰኘት ግን ሥልጠና ላይ አይሰጥም። የሚመጣው በመጀመሪያው ዓመት፣ በላብ ነው። ስክሪን ደግሞ ለጀማሪ መምህር የሚውለው ውለታ መጥፎ ነው። ክፍሉን ጸጥ ያደርግለታል፤ እሱም ክፍሉን የያዘ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ የማማክረው ወጣት መምህር ክፍል ውስጥ ሆኖ ደወለልኝ። ኔትወርኩ ጠፍቷል፣ 40 ደቂቃ ቀርቶታል፣ ልጆቹ ወንበር ላይ ወጥተዋል። "ምን ላድርጋቸው?" አለኝ። ተረት ንገራቸው አልኩት። የምሬን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኮሌጅ ውስጥ ስለ ዲጂታል ትምህርት የተማርሽው ስለ ማንኛውም ክፍል ነው። አንቺ የምትገቢበት ክፍል የራሱ ጠባይ አለው። ሐቭሩታን እይው፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ማጥናቱን ማለቴ ነው። ሁለት ልጆች፣ አንድ መጽሐፍ። አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ "እንዴት ሆኖ?" እያለች ትሞግታታለች። ጫጫታው ራሱ ትምህርቱ ነው። ለእያንዳንዳቸው ታብሌት ስጪያቸው፣ ጫጫታው ይሞታል። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው በየራሳቸው ጣት በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። አንድ ታብሌት ለሁለት ስትሰጫቸው ግን ክርክሩ ይመለሳል። እኔ ራሴ 11 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ይህችን ያወቅኳት ዘግይቼ ነው፣ ያውም መሣሪያ ስላነሰን ተገድጄ።

ሴፋሪያን መቼም ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረ ነፃ የዲጂታል መጻሕፍት ቋት ነው። ኦሪቱ፣ የረቢዎቹ የሕግና የክርክር መጻሕፍት ሚሽናውና ታልሙዱ፣ ማብራሪያው አንድ ላይ አለ። ጥቅሷን ስትነኪ ከጥንቶቹ የኦሪት አብራሪዎች ራሺ ምን እንዳለ፣ ራምባን ምን ብሎ እንደተቃወመው ከጎን ይዘረገፋል። ትምህርት ስታዘጋጂ ያለሱ አትቀመጪ። ይሄ ነገር ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። ረቢዎች በየዘመኑ ለሕዝብ ጥያቄ የሰጡትን መልስ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ዛሬ የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ተብሎ የሚታወቀው ማለት ነው። ያኔ ኮምፒውተር አንድ ክፍል የሚሞላ ዕቃ ነበር። "ኦሪትና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው" የሚልሽ ሰው ቢገጥምሽ ይህን አጫውችው።

ለዝግጅት እንዲህ ያመሰገንኩትን ነገር ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ስትሰጪው ግን አንድ ነገር ይጎድላል። ስክሪኑ ላይ ራሺ የሚመጣው በተለመደው የዕብራይስጥ ፊደል ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው የራሺ ፊደል መልኩ ሌላ ነው፤ ዓይን ካልለመደው አይነበብም። ዓመቱን ሙሉ በታብሌት የተማረች ልጅ ምኩራብ ገብታ ሑማሽ፣ የታተመውን ኦሪት፣ ስትገልጥ ትደናገራለች። ለኛ ለቤተ እስራኤል ልጆች ይሄ ይበልጥ ይከብዳል። አያቷ ያደጉት ቄሶቹ ከብራና በግዕዝ ኦሪቱን ሲያነቡ እየሰሙ ነው። የራሺን ስም የሰሙት እስራኤል ገብተው ነው። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ ያንን ፊደል በጣቱ እያሳየ የሚያስቆጥራት የለም። ትምህርት ቤቱ ካላስለመዳት ማንም አያስለምዳትም። ታብሌት ያለበት ክፍል ብትገቢም ይህን ፊደል ከወረቀት አስነብቢያት።

ወረቀት ሁሉ ቅዱስ ነው እያልኩሽም አይደለም። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት አይጣልም። ጌኒዛ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ኋላ ይቀበራል። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 30 ቅጂ የምታባዛ የኦሪት መምህር ሣጥኑን በሳምንት ትሞላዋለች። እኔ ሞልቼው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ተቆጥታኛለች፤ እውነቷን ነበር። ስክሪን ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ብርሃን ነው። አብዛኞቹ ረቢዎች ቢጠፋ ስም እንደመደምሰስ አይቆጠርም ይላሉ። የዕለት መልመጃ፣ አንዴ ታይቶ የሚያልፍ ጥቅስ ከሆነ ሰሌዳው ላይ በፕሮጀክተር ብታሳዪው ይሻላል። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህችን ብታነሺ አስበሽበት እንደመጣሽ ወዲያው ይገባቸዋል።

የሰንበትንም ነገር ልንገርሽ፣ እኔ የተቃጠልኩበት ስለሆነ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት የቤት ሥራውን ለወላጆች በዋትሳፕ ላክሁ። "ለእሁድ ጠዋት" ብዬ። በታኅሣሥ እኮ ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ግማሹ ቤት ስልኩን ዘግቶ ሻማ አብርቷል። እሁድ ክፍል ስገባ ግማሹ ሠርቷል፣ ግማሹ አላየውም። የሠሩት ደግሞ ሰንበትን የማይጠብቁት ቤት ልጆች ናቸው። ሰንበትን ያከበሩትን ልጆች ልቀጣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ቆሜያለሁ! ርዕሰ መምህሩ ጠርተው ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ከሐሙስ ማታ በኋላ ምንም አልክም። ሊንክ ስትልኪም አስቢ። ብዙ ሃይማኖተኛ ቤቶች እንደ ሪሞን ያለ የተጣራ ኢንተርኔት ነው ያላቸው፤ ቪዲዮሽ አይከፈትላቸውም። "ኮሸር ስልክ"፣ ማለትም ለሃይማኖተኞች ተብሎ የተገደበ ስልክ፣ የያዘ አባት ደግሞ ዋትሳፕ የለውም። "ልኬ ነበር" ማለት አያድንሽም።

የኛ ወላጆች ጉዳይ ለብቻው ነው። ማሾቭ በሚባለው የትምህርት ቤትና የወላጅ መገናኛ ፕሮግራም ላይ መቅረቱም፣ ውጤቱም፣ የጠባይ አስተያየቱም ይገባል። መምህራኑ የሚጽፉት በዕብራይስጥ ነው። እናትየዋ ማንበብ ካልቻለች ማን ይተረጉማል? ልጁ። "ሲረብሽ ዋለ" ተብሎ የተጻፈው ቤት ሲደርስ "በጣም ተሳትፏል" ይሆናል። አንቺ እዚህ ላይ ሌላው መምህር የሌለውን ይዘሻል። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት፣ በአማርኛ። "እንደምን ዋሉ እማማ፣ ልጅዎ ዛሬ ጥሩ አነበበች፤ ማክሰኞ ግን ደብተሯን ረስታ መጥታለች" ብትያቸው ከየትኛውም ፕሮግራም የበለጠ ይሠራል። ታዲያ ትምህርት ቤቱ ይህን እንደ ነፃ አገልግሎት ቆጥሮ የሌላውን ክፍል ወላጆች ሁሉ እንዳይጭንብሽ። "የኛ አስተርጓሚ" ብለው የጀመሩሽ ቀን ሰዓቱ የሚከፈልበት መሆኑን በትሕትና ጠይቂ።

ቃለ መጠይቁ። "ስለ ቴክኖሎጂ ምን ታስቢያለሽ?" ሲሉሽ ደጋፊም ተቃዋሚም አትሁኚ። አንድ ትምህርት ንገሪያቸው። ለምሳሌ የኛን የቤተ እስራኤልን በዓል፣ ሲግድን። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ብዙ ትምህርት ቤት ያስተምረዋል፤ መቼም "አንቺ አዘጋጂልን" ማለታቸው አይቀርም። እንዲህ በያቸው፦ በመጀመሪያ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አሳያለሁ፤ ኢየሩሳሌም ላይ ቄሶቹ በጥላ ሥር ቆመው ሲጸልዩ። ስክሪኑን እዘጋለሁ። ከነህምያ መጽሐፍ ሕዝቡ ተሰብስቦ ኦሪት ሲነበብለት ያለውን ክፍል ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ሁለት ሁለት ሆነው ያነባሉ። ለቤት ሥራ እያንዳንዷ አያቷን ወይም ጎረቤቷን አንድ ጥያቄ ጠይቃ በስልክ ድምፅ ትቀዳለች፤ ስልክ ከሌለ በወረቀት። ይኸው ነው። መቼ እንደምትከፍቺ፣ መቼ እንደምትዘጊ፣ መሣሪያ የሌላት ልጅ ምን እንደምታደርግ ሁሉም አለበት። ዩኔስኮም በ2023 ባወጣው የዓለም የትምህርት ዘገባ ላይ ያለው ወደዚህ የቀረበ ነው፤ ቴክኖሎጂ መምህሩን ያግዝ እንጂ አይተካው። ከጠየቁሽ ጥቀሺው፤ ካልጠየቁሽ የሲግዱ ትምህርት ይበቃል።

አሁን "ግን" ያልኩት። ጠበቅ ያለው ትምህርት ቤት ለስታዥ የሚታወቅ መሆኑን ከመፈረምሽ በፊት ከኮሌጅሽ የስታዥ ኃላፊ በጽሑፍ አረጋግጪ። ዓመት ሙሉ ሠርተሽ "አይቆጠርም" እንዳትባዪ። ሁለተኛ፣ አማካሪ መምህርትሽ፣ ሖኔኼት የሚሏት ማለቴ ነው፣ ማን እንደሆነች ጠይቂ። አንደኛው ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ክፍልሽ ገብታ የምታይሽ ጠንካራ ሴት ካለች፣ ሁለተኛው ደግሞ ስሟን እንኳ የማያውቁ ከሆነ፣ ያልኩሽን ሁሉ ተይውና ታብሌቱ ጋ ግቢ። ለስታዥ ከመሣሪያው ሰውየዋ ትበልጣለች።

እዚያ ከገባሽ ግን ርዕሰ መምህሩን ሁለት ነገር ጠይቂ። ማንንም ሳላስፈቅድ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ታብሌት ማዘጋት እችላለሁ? የአንዷ ልጅ ታብሌት ቢሰበር ወይም ቤተሰቧ መግዛት ባይችል ምን ይደረጋል? በአንዳንድ ትምህርት ቤት መሣሪያውን የሚገዛው ወላጅ ነው። በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቱን ሲዘጋ አምስት ልጆች በአንድ የእናት ስልክ ተራ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ለሁለተኛው ጥያቄ "እስካሁን አልገጠመንም" ካሉሽ አላዩም ማለት ነው እንጂ ሳይገጥማቸው ቀርቶ አይደለም።

ታብሌቱ የሚያምርበትን ቦታም ልንገርሽ። ኦፌክ ሐዳሽ በሚባለው አሠራር የአንደኛ ደረጃ መምህር ሙሉ ሥራ በሳምንት 36 ሰዓት ነው፤ ከዚያ 5ቱ ከጥቂት ልጆች ጋር የምትቀመጪበት ነው። እዚያ ሦስት አራት ልጆች ያነበቡትን ቀድተው መልሰው ሲሰሙ የራሳቸውን ስህተት ራሳቸው ይይዛሉ። አንቺ ስትነግሪያት የምታፍር ልጅ ከራሷ ድምፅ ስትሰማው ትስቃለች፣ ታርማለች። በ30 ልጅ ክፍል ውስጥ ይህን አትሞክሪው፤ ገበያ ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ወጣት ስለሆንሽ ስልክ ስትነካኪ ካዩሽ "ራካዝ ቲክሹቭ ሁኚልን" ማለታቸው አይቀርም፤ የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ሥራ አስተባባሪ ማለት ነው። ጥሩ ሹመት ነው፣ ጭማሪም አለው፣ የሙያ መንገድም ይከፍታል። በስታዥ ዓመት ግን እንዳትቀበዪ። የሁሉንም መምህር የይለፍ ቃል ስታስተካክዪ የራስሽ ክፍል ይበተንብሻል። በሦስተኛው ዓመት ራስሽ ጠይቂያቸው።

እናትሽንም አትሟገቻቸው። ክፍት ቀን ሲኖር ይዘሻቸው ሂጂ፣ ሁለቱም ትምህርት ቤት። አንድ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ይዩ። ዕብራይስጡ ባይገባቸውም ልጆቹ መምህሯን የሚያዩ ይሁን ጠረጴዛውን የሚያዩ ለመለየት ቋንቋ አያስፈልግም። ሲወጡ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።