ስለ ምጣዱ ሽቦ ለጠየቅሽው፦ እባክሽ እንዳታሳጥሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ያ የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ምጣድሽ ቀዝቅዞ የእንጀራሽ ዓይን አልወጣ ብሏል። ጠጋኙ «ሽቦውን ትንሽ ላሳጥረው፣ ይሞቃል» አለሽ። የልጅሽ የፊዚክስ መጽሐፍ ደግሞ ሬዚስታንስ ሲበዛ ሙቀት ይበዛል ይላል። ማን ነው ትክክል ብለሻል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እኔን ለኪሳራ የዳረገኝም ይኸው ነው።

እኛ የምጣዱን ጥምዝ ሽቦ ራሱን «ሬዚስታንስ» ብለን ስለምንጠራው ነገሩ ይምታታብናል። በፊዚክስ ግን ሬዚስታንስ ዕቃ ሳይሆን ሽቦው ኮረንቲውን የሚገታበት መጠን ነው። ከቆጣሪሽ እስከ ምጣድሽ ባለው መስመር ሁሉ የሚያልፈው ያው አንድ መጠን ያለው ኮረንቲ ነው፤ በእኔ ምጣድ 16 አምፔር ነበር። በግድግዳው ውስጥ ያለው መዳብ ለብ ብሎ ሲቀር ምጣዱ ውስጥ ያለው ናይክሮም የሚባለው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሽቦ የሚግለው፣ ውፍረታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ናይክሮም ከመዳብ 60 ጊዜ ያህል አብልጦ ስለሚገታ ነው። የልጅሽ መጽሐፍ የሚለው ይህንን ነው። ጠጋኙ ደግሞ የሚያየው ሌላውን ገጽታ ነው፦ ቮልቴጁ ካልተለወጠ፣ ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚገታው ይቀንስና ብዙ ኮረንቲ ይገባል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ያልነገረሽ ያ የጨመረው ኮረንቲ በምጣዱ ብቻ እንደማያልፍ ነው። በሶኬቱም፣ በግድግዳው ሽቦም ያልፋል።

ስለዚህ፦

1. ሽቦውን ከመንካትሽ በፊት ምሽት ላይ ምጣዱ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁን የሚያውቅ ሰው ይለካልሽ። ያኔ እኔ እንደማደርገው ማታ ማታ የምትጋግሪ ከሆነ፣ ችግሩ እዚያው ነው ብዬ አምናለሁ። በእኛ ሰፈር ሁሉም ቤት ምድጃውን ሲያበራ 220 የነበረው ወደ 190 ይወርዳል። ትንሽ መቀነስ ይመስላል፤ ነገር ግን የምጣዱ ጉልበት በሩብ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ቮልቴጁ ሲወርድ ኮረንቲውም አብሮ ይወርዳል። ምጣዴ ጤነኛ ነበር። እኔ ግን ታሟል ብዬ አስቆረጥኩት።

2. ስፒናውን ከነቀልሽ በኋላ ዳብሺው። ትኩስ ከሆነ የሶኬቱ ብሎን ላልቶ ይሆናል። የላላ መገጣጠሚያ ግማሽ ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) ብቻ ቢገታ እንኳ 15 አምፔር ሲያልፍበት ከ110 ዋት በላይ ሙቀት በዚያች ጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ይፈጠራል። የእኔ ስፒና ለወራት ይተኩስ ነበር፤ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ እየነቀልኩ ዝም አልኩ።

3. ብሬከሩ ቢጠፋብሽ በትልቅ እንዳትቀይሪው። ይህንን የምልሽ ከልቤ ነው። ጠጋኙ ከሽቦዬ አምስት እጅ አንዱን ያህል ቆርጦ ጣለ። 13.75 ኦም የነበረው 11 ሆነ። ማታ በ190 ቮልት ሥራው ሸጋ ነበር፤ እንጀራው ዓይኑ ችምችም አለ፣ እኔም ጠጋኙን መረቅኩት። ሌሊት ላይ ግን የሰፈሩ ምድጃ ሲጠፋ ቮልቴጁ ወደ 220 ተመለሰና ምጣዱ 20 አምፔር መሳብ ጀመረ። የ16 አምፔሩ ብሬከር ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። መለስኩት፣ ጠፋ።

በማግስቱ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሴትዮ፣ ሠላሳ ሁለት ውሰጂ፣ ከዚያ አይረብሽሽም» አለኝ። ሽቦው ይችለዋል ወይ ብዬ ብጠይቀው «አንቺ ጋግሪ፣ ኤሌክትሪኩን ለእኛ ተይው» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ደንበኛ ጠራ። እኔም ገዝቼ አስገጠምኩት። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የጠየቅኩት ትክክለኛውን ጥያቄ ነበርና! ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን በግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። ኮረንቲው ከ16 ወደ 20 ሲያድግ በዚያ ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ሙቀት የሚያድገው በኮረንቲው ካሬ ነውና። የላላው ሶኬትም እንዲሁ።

የፋሲካ ዋዜማ ነበር፤ 200 እንጀራ ታዝዣለሁ። ሰባ ያህሉን እንዳወጣሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል፣ ከላዩ ያለው ቀለም ጠቁሯል፤ 32 አምፔሩ ብሬከር ግን ንቅንቅ አላለም። ዋናውን ማጥፊያ ያጠፋችው የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ናት። የቀረውን ጎረቤቶቼ በየቤታቸው ጋገሩልኝ፤ ለደንበኞቼ ሁሉ አደረስኩ። ሽቦውን ለማስቀየር ግን የሁለት ወር ትርፌ ሄደ።

ዛሬ ምጣዴ ከሌላው የተለየ የራሱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር አለው፤ ብሬከሩ 20 ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ አዲስና ሙሉ ርዝመት ያለው ነው። የምጋግረውም ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ ነው፣ ቮልቴጁ ሳይወርድ።

ጠጋኙ ሽቦሽን ቆርጦት ከሆነ ግን ስፒናውን ነቅለሽ በቴስተር ኦሙን አስለኪ። ከምጣዱ ጀርባ የተጻፈውን ዋትና የምሽቱን ቮልቴጅ ጨምረሽ ጻፊልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን። እስከዚያ አትጋግሪበት።