ከጥገና መዝገብ አደጋን ማንበብ፦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹን ያቀረቡት በአዲስ አበባ ዳርቻ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች የሚኖሩ የማኅበር አባላት ናቸው። መላሹ በሕንፃ ጥገና ላይ ለረጅም ዓመታት የሠሩና ዛሬ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ የሆኑ የሲቪል መሐንዲስ ናቸው።

ከቱሉ ዲምቱ፣ የማኅበር ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን ኢንጂነር። ማኅበራችን የ6 ዓመት የጥገና ደረሰኝ በፋይል አስቀምጧል። እስከ ዛሬ ያገለገለን ለሒሳብ ምርመራ ብቻ ነው። ሌላ ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ብዙ ይጠቅማችኋል። ደረሰኞቹን በቀን ተራ ሳይሆን በቤቶቹ አቀማመጥ ደርድሯቸው። ባለ 4 ፎቅ ብሎኮቻችን ውስጥ መጸዳጃ በመጸዳጃ ላይ ስለተደራረበ፣ ከላይ እስከ ምድር ያሉት ቤቶች አንድ የፍሳሽ መውረጃ ይጋራሉ። የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ በጥቅምት የመጸዳጃ መቀመጫ ያስጠግናል፤ የሦስተኛው በጥር ኮርኒሱን ቀለም ያስቀባል፤ የሁለተኛው በመጋቢት ሽታ አስቸገረን ብሎ ያመለክታል። ሒሳብ ያዡ ሦስት የተለያዩ ወጪዎች መዝግቦ ያልፋል፤ በአንድ መስመር ለደረደራቸው ሰው ግን ነገሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ውኃ ነው። ይህ ውኃ ሶሌታውን (በፎቆች መካከል ያለውን የኮንክሪት ወለል) እያረጠበ ሲከርም በውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ይዝጋል፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝም ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አንድ ቤት በ12 ወር ውስጥ ለአንድ ዓይነት ብልሽት ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ፣ ወይም በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች ስለ እርጥበት ካመለከቱ፣ ሦስተኛውን ሳትጠብቁ የቧንቧ መውረጃውን አስከፍታችሁ እዩ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሳይቶች አቤቱታ የሚበዛው ውኃ በመጣበት ማግስት ነው። ይህ አዲስ ብልሽት ተፈጠረ ማለት አይደለም፤ የቆየው ቀዳዳ በዚያ ቀን ታየ ማለት ነው። ስለዚህ የውኃው ፈረቃ የደረሰበትን ቀንም ጻፉ። ቀለም ከመቀባቱ በፊትም ቦታውን በፎቶ አንስታችሁ ከነቀኑ መዝግቡ፤ ቀለም ማስረጃውን ይሸፍነዋል።

ከየካ አባዶ፦ ለዚህ ሥራ የሚሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢጠቁሙን?

መልስ፦ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ የተበላሸው ነገር፣ የተገኘው ምክንያት፣ የተሠራው ሥራ። ብዙ ማኅበራት አራተኛውን አይጽፉም፤ ሳይጻፍ የቀረ ምክንያት ደግሞ በየትኛውም ፕሮግራም አይገኝም።

ከኮዬ ፈጬ፣ ተከራይ፦ እኔ የማመለክተው ለአከራዬ ነው፤ ለማኅበሩ አመልክቼ አላውቅም። የእኛ ቤት በመዝገቡ ላይ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ አይታይም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። ተከራይ የቤት ኪራይ ይጨመርብኛል ብሎ ዝም ይላል፤ ባለቤቱ ርቆ ይኖራል፤ ማኅበሩም ያንን ቤት ችግር የሌለበት አድርጎ ይቆጥረዋል። ዝምታን እንደ ደኅንነት አትቁጠሩ። በመዝገባችሁ ለሁለት ዓመት አንድም ጊዜ ያልታዩትን ቤቶች ለይታችሁ አንኳኩና ጠይቁ፤ በተለይ ከላይና ከታች ያሉት እርጥበት አመልክተው መሐል ያለው ዝም ካለ።

አቤቱታ ተቀምጦ ሳይነበብ ሲቀር የሚደርሰውን በእንግሊዝ አይተናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በሮችዴል ከተማ በዝቅተኛ ዋጋ በሚከራይ ማኅበራዊ ቤት ይኖር የነበረ አዋብ ኢሻክ የሚባል የ2 ዓመት ሕፃን ሞተ፤ የሞቱን ምክንያት ያጣራው ችሎትም ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ እንደሆነ አረጋገጠ። ቤተሰቡ አስቀድሞ አመልክቶ ነበር፤ ሻጋታው ግን ከአኗኗራቸው የመጣ ተደርጎ ታየ። በስሙ የተጠራው ሕግ በ2023 ወጣ፤ ከጥቅምት 2025 ጀምሮም እንዲህ ያለ ቤት አከራይ ከባድ የእርጥበት አቤቱታን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲመረምር፣ አስቸኳይ አደጋን ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግድ ተገዷል። እኛም ዘንድ «መስኮት አትከፍቱም፣ ውኃ ታበዛላችሁ» ተብሎ የሚመለስ እናት አለች። ይህን መልስ ከመስጠታችሁ በፊት በላይዋ ያሉትን ቤቶች መዝገብ ግለጡ።

ከቦሌ አራብሳ፦ የእኛ ብሎክ ብሬከር በየጊዜው ይቃጠላል። አደጋ አለው?

መልስ፦ ሙያዬ ኤሌክትሪክ አይደለም። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠጋል፤ ይህም ለቤት ሽቦ ከባድ ጭነት ነው። አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ብሬከር ወይም ሶኬት ካስቀየረ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሽቦውን ይይ፤ ትልቅ ብሬከር በመግጠም አትለፉት።

ከቱሉ ዲምቱ፣ የምድር ቤት ባለቤት፦ እኛ ዘንድ መዝገቡ የሚያሳየው የጣሪያና የአሸንዳ ጥገና ነው። እኔ ምድር ላይ ሆኜ ለጣሪያ የምከፍለው ለምንድን ነው?

ከዚያው ብሎክ፣ የአራተኛ ፎቅ ባለቤት፦ እኛስ የምድሩ ማንሆል በተደፈነ ቁጥር አዋጥተን የለም?

የምድር ቤት ባለቤት፦ ማንሆሉን የሚደፍነው ከላይ የሚወርደው ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም አቁሙ። የጋራ ሕንፃ ቤቶችን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያ የሁሉም ባለቤቶች ነው፤ ወጪውም የጋራ ነው። የጣሪያው ውኃ በግድግዳው ወርዶ መሠረቱ ዘንድ ስለሚደርስ፣ አሸንዳው ሲበላሽ ቀድሞ የሚጎዳው የምድር ቤት ሊሆን ይችላል። ወደ መዝገቡ እንመለስ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ግድግዳችን ላይ ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። በጥገና መዝገብ ስለዚህ ምን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በከተማው ደቡብና ምሥራቅ ዳርቻ ብዙ ቦታ ዋልካ አፈር አለ። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለ ቀላል የብሎኬት ግድግዳም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። በመዝገብ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ስንጥቅ ሳይሆን የአናጺ ደረሰኝ ነው፤ «በር አልዘጋ ብሎ ተላገ» የሚለው። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እናንተ ግን እነዚህን ደረሰኞች በወር ለዩአቸው። በሮቹ በሐምሌና በነሐሴ ጠብቀው በጥር ከላሉ፣ አፈሩ ከወቅቱ ጋር እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። የብሎኩ አንድ ጥግ ብቻ በበጋም ከጠበቀ ግን፣ እዚያ ሥር ዝናብ ያላመጣው ውኃ ሊኖር ይችላል፤ የተሰበረ ቧንቧ ወይም የሚያፈስ ማንሆል ፈልጉ። የቧንቧ ሠራተኛውና የአናጺው ደረሰኝ በሁለት ፋይል ተለያይተው መቀመጣቸው ነው ይህን የሚሰውረን።

ስንጥቁን ለመከታተል ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቀን ጻፉ፣ በላዩም ጀሶ በስሱ አሻግራችሁ ለጥፉ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ስንጥቁ ሕንፃውን በተሸከመው የኮንክሪት ምሰሶ (ኮለን) ወይም አግዳሚ (ቢም) ላይ ከሆነ ግን ጀሶ አትለጥፉ፤ በዚያው ቀን መሐንዲስ ጥሩ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት መዝግቡ፤ ይህን ሁለተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።

ከየካ አባዶ፦ የእኛስ ሕንፃ አደጋ አለበት?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ዛሬ አራተኛዬ ነው። የቤት ቁጥር የለውም፣ ቀን የለውም፣ የተበላሸው ነገር አልተጻፈበትም። ምን ብዬ ልመልስ? መዝገባችሁን ይዛችሁ ኑ።

ከየካ አባዶ፣ ያው ጠያቂ፦ ይቅርታ ኢንጂነር። ፋይሉን አሁን አየሁት። በአንድ መስመር ያሉት የአራተኛና የሁለተኛ ፎቅ ቤቶች ከሰኔ ወዲህ ስለ መጸዳጃ ኮርኒስ እርጥበት አመልክተዋል። ሦስተኛው ፎቅ ምንም አላመለከተም፤ ተከራይ ነው ያለበት።

መልስ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን መነጋገር እንችላለን። የአራተኛው ኮርኒስ የረጠበው ከጣሪያው ወይም በላዩ ካለው ሮቶ ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ እሱን ለዩ፤ ሮቶው ሞልቶ ሳለ የሁሉንም ቤት ውኃ ዝጉና ደረጃው በአንድ ሌሊት ይቀንስ እንደሆነ አስተውሉ። የሁለተኛው ምንጭ ግን በሦስተኛው ፎቅ ወለል ላይ ወይም በመውረጃው ውስጥ ነው። ተከራዩን ዛሬ ማታ በአክብሮት አነጋግሩ፤ የመጸዳጃውን ወለልና ኮርኒስ አሳዩን በሉት፤ ጥፋተኛ እንዳልሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት። ያያችሁትን ከነቀኑ ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩልኝ።