ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ ነው?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ኮር አይ 5 ነው፣ አምስተኛ ጀነሬሽን። ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራ። ካበራሁት በኋላ አምስት ደቂቃ ካልጠበቅኩት እሺ አይለኝም። የምሠራበት ጽሑፍ፣ ኤክሴልና ኢንተርኔት ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ተወውና አይ 7 ግዛ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?
መጠበቅ የሰለቸው

መልስ፦ ወንድምህን አልፈርድበትም፤ እኔም እንደሱ አስቤ ጉድ ሆኛለሁ። ከዓመታት በፊት የድሮ ላፕቶፔን ለእህቴ ሰጥቼ አዲስ አይ 7 ገዛሁ። እንዳታማኝ ብዬ ግን የድሮው ላይ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ፣ ዳታን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ማከማቻ) አስገባሁላት። ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናበራቸው የሷ ተነስቶ ሥራ ጀመረ፣ የኔ ገና ያቃስታል። እንዴት እንደሳቀችብኝ! አይ 7 ያልኩት ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ዙር ይዞራል። ዳታውን የሚያነበው ጭንቅላት ቦታው እስኪደርስ፣ የተፈለገውም ዳታ ዞሮ ከሥሩ እስኪመጣ 15 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። ትንሽ ትመስላለች። ያንተ ፕሮሰሰር ግን በሰከንድ ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል። በዚያች ጊዜ ወደ 30 ሚሊዮን ምት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ እልፍ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቅማል፤ ጥበቃው ይደራረባል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም። በ0.1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ያቀብላል።

እኔን አትመነኝ፣ ራስህ እይ። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ሲፒዩው (ማለትም ፕሮሰሰሩ) 10 ወይም 15 ላይ ከተኛ ጥፋተኛው ታወቀ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ወንድምህን ይቅርታ እንጠይቃለን።

በነገራችን ላይ «አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን አያኩራራ። አምስተኛ ጀነሬሽኑ አይ 7-5500ዩ ያለው ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) ሁለት ብቻ ነው፤ ስምንተኛ ጀነሬሽኑ አይ 5-8250ዩ ግን 4 አለው።

ዲስኩ ከሆነ ችግሩ፣ 2.5 ኢንች ሳታ (የተለመደው የዲስክ ማገናኛ) ኤስኤስዲ ግዛ። የሃርድ ዲስኩ ቦታ ላይ ይገባል፣ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል፣ ላንተ ሥራ ይተርፋል። እነዚያ ፈጣን የሚባሉት ኤንቪኤምኢዎች (በሳታ ሳይሆን በሌላ መስመር የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች) አያጓጉህ። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ገዝቼ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ገባልኝ፣ ማሽኑ ግን ጭራሽ አላየውም። ለካ ቀዳዳው የሚቀበለው ሳታ ብቻ ነበር። እና እባክህ፣ ማንም ሳይፈታው ፋይልህን ባክአፕ አድርግ።

ኤስኤስዲ የማይፈታው አንድ ጉዳይ አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። ወንድምህ ይህን ቢያነሳብህ ኖሮ አልከራከረውም ነበር። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም) ለመልመድ ካልሰነፍክ ግን መውጫ አለህ፤ እህቴ ያንን ላፕቶፕ አሁንም በሊኑክስ ትሠራበታለች።