«ዝግተኛ ፍጥነት» ይባላልን?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ታናሽ ወንድሜን በአማርኛ አስጠናለሁ። «የዚህ አጸግብሮት (ሪአክሽን) ፍጥነት ዝግተኛ ነው» ስለው አንድ ዘመዳችን ሰምተው «ዝግተኛ ፍጥነት ብሎ ነገር የለም፤ ምጣኔ በይ» ብለው አረሙኝ። ትክክሉ የቱ ነው? «ኬሚካዊ ሚዛን» ማለትስ? አጸግብሮት እንዲፈጥን የሚያደርገውን ካታሊስትንስ «አፋጣኝ» ልበለው?

መልስ፦ ዘመድዎን ከነአክብሮታቸው፣ እርማታቸው አያስኬድም። ይህን ሙግት ከእርሳቸው በፊትም ከብዙዎች ሰምቼዋለሁ። ፍጥነት የሚፈጥን ነገር ጠባይ ስለሆነ የሚዘገይ ነገር ፍጥነት የለውም ይላሉ። እንዲህ ከሆነ «የገመዱ ርዝመት አጭር ነው»፣ «የሻንጣው ክብደት ቀላል ነው» ማለትም ሊቀርብን ነው። አማርኛ ሁለት ተቃራኒ ቅጽሎች ሲገጥሙት የሚበልጠውን ወገን ስም አንሥቶ ለመለኪያው በሙሉ ይሰጠዋል። ርዝመት፣ ክብደት፣ ስፋት፣ ጥልቀት ሁሉ በዚህ ሥርዓት የወጡ ናቸው። «የጨርቁ እጥረት ስንት ሜትር ነው?» የሚል ልብስ ሰፊ እስካሁን አልገጠመኝም። ፍጥነትም ከነዚሁ ጋር ይቆጠራል፤ የባሩድ መንደድም የብረት መዛግም ፍጥነት አላቸው፣ የአንዱ ከፍተኛ የሌላው ዝቅተኛ። «ዝግተኛ ፍጥነት» የሚለው ጥምረት ለእኔም ጆሮ ስለሚጎረብጥ «ዝቅተኛ» እላለሁ፤ ይህ ግን የጆሮ ነገር እንጂ የሰዋስው ሕግ አይደለም።

ምጣኔ የሚለው ቃል በራሱ ምንም ነውር የለበትም። ከግእዙ መጠነ ወጥቶ የውልደት ምጣኔ፣ የወለድ ምጣኔ፣ ምጣኔ ሀብት እያለ ተንሰራፍቷል። ኬሚስትሪ ውስጥ ሲገባ ግን ችግር ይፈጥራል፤ ቦታው አስቀድሞ ተይዟልና። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን አሞንያ ሲሠሩ 1 ለ 3 ሆነው ይዋሐዳሉ፤ ይህ ነው ምጣኔ። ተማሪው «የአጸግብሮቱ ምጣኔ» ሲባል ዓይኑ ከቀመሩ ፊት ወዳሉት ቁጥሮች ቢሮጥ አይፈረድበትም። ፍጥነት ግን ጊዜን ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ በአንድ ሰከንድ ስንት ሞል (የንጥረ ነገር ብዛት መለኪያ ነው) ተለወጠ ነው ጥያቄው። ጀርመናዊው ቪልሄልሚ እ.ኤ.አ. በ1850 የስኳር ሙሙት (በውኃ የሟሟ ስኳር) በአሲድ ሲፈታ ለውጡን ከሰዓት ጋር እያስተያየ ሲለካ የያዘው ይህንኑ ነበር። «ፍጥነትን ፊዚክስ ወስዶታል» የሚሉም አሉ። ሜትር በሰከንድንና ሞል በሊትር በሰከንድን የሚያምታታ ተማሪ ካለ፣ ችግሩን ቃል በመለወጥ አንፈታለትም።

ወደ ሚዛን እንለፍ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

ሚዛን ከዐረብኛ የመጣ እንግዳ ነው፤ የግእዙ ባለቤት መዳልው ነበር፣ ከደለወ። ከሁለቱ በስተጀርባ ደግሞ ሦስተኛ አለ። በትንቢተ ዳንኤል በግድግዳው ላይ ከተጻፉት ቃላት አንዱ «ቴቄል» ነው፤ ፍቺውም በሚዛን ተመዘንህ ነው። ይህ የአራማይስጥ ቃል የወጣበት ሴማዊ ሥር በዕብራይስጥ ሰቅል የሚባለውን የብር ክብደት ሰጥቷል፤ በግእዝና በአማርኛ ደግሞ ሰቀለ ሆኖ ይገኛል። ጥንት መመዘን ማንጠልጠል ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለጥያቄዎ ስለሚያስፈልግ አይደለም፤ ስለምወደው ነው። ለነገራችን የሚጠቅመው ይህ ብቻ ነው፦ ሚዛን ሲባል በአእምሮ የሚመጣው የተንጠለጠለና ቀጥ ብሎ የቆመ ዕቃ ነው። ኬሚካዊው ሚዛን ግን አይቆምም። ወደ ፊት የሚሄደው አጸግብሮትም ወደ ኋላ የሚመለሰውም ሥራቸውን አያቋርጡም፤ ፍጥነታቸው ስለተስተካከለ ብቻ ከላይ ሲታይ የቆመ ይመስላል።

ከዚህ የባሰው «እኩልነት» ወይም «እኩልታ» በሉት የሚለው ምክር ነው። እኩልታን የሒሳብ መምህራን እንደያዙት ይቆይና፣ እኩል የምትለው ቃል ተማሪውን የተለመደ ስሕተት ውስጥ ትከተዋለች፤ የገቢውና የውጤቱ መጠን እኩል የሆነ ይመስለዋል። አቼቶን እንውሰድ። በአቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ በሊትር 0.1 ሞል ሆኖ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በውኃ ቢሟሟ፣ ሚዛን ላይ ሲደርስ ወደ አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ወዳለው ቅንጣት) የተለወጠው ከመቶ 1.3 ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው እንዳለ አለ። የተስተካከለው ፍጥነታቸው እንጂ መጠናቸው አይደለም። «ምጣኔያቸው እኩል ሆነ» ቢሉለት ደግሞ ወንድምዎ ምን እንደሚረዳ እርስዎው ይገምቱት።

ለዚህ አማርኛ የራሱ መፍትሔ አለው፤ ተደራራጊው ግስ። ተመላለሰ፣ ተለዋወጠ፣ ተመዛዘነ ስንል በሁለት ወገን የሚደረግና የሚደጋገም ነገር ይታየናል። ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄደውን አጸግብሮት «ተቀልባሽ» ከማለት «ተመላላሽ» ማለት ይሻለኛል። የሚቀለበስ ውሳኔ አንዴ ይቀለበስና ያበቃል፤ የሚመላለስ ግን አያርፍም። ሁኔታውንም «ኬሚካዊ መመዛዘን» እለው ነበር። «ሚዛን» አጭር ነው፣ ሰው ለምዶታል፣ «ሚዛናዊነት» የሚባል ረጅም ወንድምም አፍርቷል። ከእርሱ ጋር ትግል መግጠም ከንቱ መሆኑን አውቃለሁ። ሲያስጠኑ ስሙን «ሚዛን» ይበሉት፤ ግሱን ግን «ይመዛዘናሉ» እንጂ «ይቆማል» አይበሉ።

ካታሊስትን «አፋጣኝ» ማለት በከፊል እውነት ነው፤ ያስቸገረውም ከፊል መሆኑ ነው። ሙቀትም ያፋጥናል፣ የሙሙቱ መጠንከርም፣ ጠጣሩን ማድቀቅም። በዚያ ላይ «አፋጣኝ» በዕለት ንግግራችን አስቸኳይ ማለት ሆኗል፤ «አፋጣኝ ንጥረ ነገር» ሲባል አምቡላንስ የሚጠራ ይመስላል። «አቀጣጣይ» እና «ቀስቃሽ» የሚሉ አሉ፤ እነዚህ የሚያስጀምር እንጂ የሚያሳልጥ አያሳዩም፣ ክብሪትንም ካታሊስት ያደርጉታል። «እርሾ» ያሉም አሉ። ይህ ከሁሉ የተሻለ ቅኔ አለው። ኩነ የተባለው ጀርመናዊ ኤንዛይም የሚለውን ስም ያወጣው በግሪክኛ «በእርሾ ውስጥ» ከሚል ሐረግ ነው። ነገር ግን እርሾ ራሱ ይበዛል። ካታሊስት አይበዛም፣ አያልቅምም፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ላይ የተነሰነሰው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ኦክስጅኑ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ቢጠለልና ቢመዘን መጠኑ ያው ነው።

ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴሊዩስ እ.ኤ.አ. በ1835 ካታሊስስ የሚለውን ቃል ከግሪክኛ ሲያወጣ፣ በኤሌክትሮሊስስ መጨረሻ ላይ የምናገኘውን የመፍታት ቃል ነው የወሰደው፤ የመፍጠን ነገር ስሙ ውስጥ የለም። የእኔ ምርጫ «አቀላጣፊ» ነው። ጉዳይ አቀላጣፊ ፋይልዎን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ በአቋራጭ ያሳልፍልዎታል፤ የሚወሰነውን ውሳኔ ግን አይለውጠውም። ካታሊስትም እንዲሁ አነስተኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሌላ መንገድ ይከፍታል፤ የሄደውንም የተመለሰውንም እኩል ያቀላጥፋል፤ ሚዛኑ የሚያርፍበትን ቦታ ግን አይነካም። አሞንያ በሚሠራበት በሐበርና በቦሽ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ በጀርመን በኦፓው ፋብሪካ፣ ብረት ያዘለው ካታሊስት አሞንያው ቶሎ እንዲደርስ አደረገ እንጂ ሚዛኑ ከሚፈቅደው በላይ እንዲገኝ አላደረገም። ለዚያ ግፊቱን እጅግ ከፍ ማድረግ፣ ሙቀቱንም መግታት ግድ ነበር። «አፋጣኝ» ይህን አይነግርዎትም።

«አቀላጣፊ»ን በኬሚስትሪ መጽሐፍ ያየ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ በሕልሜ። «ካታሊስት» አሸንፏል፤ ካታሊስቶች ብሎ ይረባል፣ ከትምህርት ክፍልም አልፎ ፖለቲካ ተንታኞች አፍ ገብቷል። ስሙን ልተውላቸው። ግሱን ግን አልለቅም፤ «ካታላይዝ ያደርጋል» ከማለት «ያቀላጥፋል» ማለት ማንን ይጎዳል?

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። በደብዳቤዎ አጸግብሮትን በጸሎቱ ጸ መጻፍዎ ደስ አሰኝቶኛል። «አጸ» የአጸፋ ቁራጭ ነው፤ አጸፋም ከዐጸፈ፣ አማርኛ ጸን ወደ ጠ ለውጦ አጠፈና እጥፍ ካለው። በፀሐዩ ፀ ለሚጽፉት ሥሩ ይጠፋል። ጥንቁቅ ልሁን ያለ በዐይኑ ዐ ይጀምረው ነበር፤ እኔም ሰንፌ ትቼዋለሁ። ስሙ ራሱ ግን አላረካኝም። አጸፋ የተመታ ሰው የሚመልሰው ነው፤ ለኒውተን ሦስተኛ ሕግ ይስማማል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ግን አጸፋ አይመላለሱም፣ አብረው ይሠራሉ። ከግእዝ አዕማድ (የግስ መልኮች) መካከል ለዚህ የተበጀ የሚመስል «ተጋብሮ» የሚባል አለ፣ ከዚያው ከገብረ የወጣ። «ተጋብሮት» ተብሎ ቢሆን ኖሮ እላለሁ፤ ጽሑፌን ስጽፍ ግን፣ እንዳዩት፣ አጸግብሮት ብዬ ነው የጻፍኩት።