ቶማን ትናንሽ ዓሦችን «ያድናል»፦ ይበላቸዋል ወይስ ያተርፋቸዋል?

ጥያቄ፦ ለልጆች በማዘጋጀው ጽሑፍ ላይ ማላዮች «ቶማን» ስለሚሉት የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ስጽፍ «ትናንሽ ዓሦችን ያድናል» አልኩ። ልጄ አነበበችና «ከማን ነው የሚያድናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት አለው? ዓሣውንስ አምባዛ ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለውም። ልጅዎም አልተሳሳተችም።

ጣጣው የመጣው ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ ነው። «አደነ» ስንል «ደ» ይጠብቃል፤ «አዳነ» ስንል «ዳ» ይላላል። በኃላፊ ጊዜ ፊደሉ ራሱ ይለያቸዋል። «ያድናል» ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ዓይነት ሆነው ቁጭ ይላሉ። «አድኖ»፣ «የሚያድን»፣ «አዳኝ» እና «አያድንም»ም እንደዚያው ናቸው። ጮክ ብለው ቢያነቡላት ኖሮ ልጅዎ አትጠይቅም ነበር።

በትውልድም አይገናኙም። የ«ዳነ» ግእዙ «ድኅነ» ነው። «ኅ» በአማርኛው ግስ ውስጥ ጠፍታለች፤ «ደኅና» እና «መድኃኒት» ላይ ግን ዛሬም አለች። «አደነ» ከዚህ ቤት አይደለም።

ብዙውን ጊዜ ዐውዱ ይገላግለናል። «አንበሳ ሚዳቋ ያድናል» ቢባል አንበሳን ስለምናውቀው ማንም ግር አይለውም። ቶማንን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ይባስ ብሎ ይህ ዓሣ ሁለቱንም ያደርጋል! በሜኮንግና በቻው ፍራያ ወንዞች፣ በማላይ ልሳነ ምድር፣ በሱማትራና በቦርንዮ ውኆች ይኖራል። ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማል። ዓሣና እንቁራሪት እያሳደደ ይውጣል። ጫጩት ሲያፈራ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ቀያዮቹ ጫጩቶች ተሰብስበው ከውኃው ወለል አጠገብ ይዋኛሉ፤ አየር ለመሳብ ብቅ ባሉ ቁጥር ውኃው ይንፈቀፈቃል። እናትና አባት ከሥር ሆነው ይጠብቃሉ። የቀረበውን ሁሉ ይናከሳሉ፤ ሰውም ቢሆን አይምሩም። እንግዲህ «ትናንሽ ዓሦችን ያድናል» የሚለው ላልቶም ጠብቆም ቢነበብ እውነት ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለሰዋስው መምህር በየቀኑ አይገጥመውም።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ፊደሉ የሚለያቸውን ቅርጾች ይጠቀሙ። «ትናንሽ ዓሦችን እያደነ ይኖራል» ካሉ «እያዳነ» ብሎ የሚያነብ የለም። «ማደን» እና «ማዳን»ም አይምታቱም። «አድኖ ይበላል» በፊደል ቢመሳሰልም ችግር የለውም፤ አትርፎ የሚበላ የለማ። ለጥበቃው ደግሞ «ይጠብቃል» ወይም «ይከላከላል» ይበቃል።

«አዳኝ ዓሣ» የሚለውን ግን ለርዕስ አልመክርዎትም። ብቻውን ሲቆም የብዙ አንባቢ ጆሮ ወደ ስብከት ይሄዳል። አንዳንዶች በምትኩ «ሥጋ በል» ይላሉ። ይሄ ደግሞ ይሰፋል፤ የሞተ ለቃሚውም ሥጋ በል ነው። እኔ ብሆን «በአደን የሚኖር ዓሣ» እላለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን አያሳስትም።

አምባዛ አይበሉት። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው። ቶማን ባለ ቅርፊት ነው፣ እንደ አምባዛ ያለ ጢምም የለውም። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም ከውኃ ብቅ ብለው አየር መሳባቸው ነው። እንግሊዝኛው ጭንቅላቱን አይቶ «ስኔክሄድ» (የእባብ ራስ) ይለዋል። እርስዎም መጀመሪያ ላይ «ራሱ የእባብ የሚመስለው ቶማን» ካሉ በኋላ በ«ቶማን» ይቀጥሉ።