አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ ቤት ሲፈርስ ሥዕል ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ በዩክሬን ሰው እየሞተ ሠዓሊዎቹ ስለ ሥራቸው መጨነቃቸው አይገባኝም። ምን ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ ጥያቄዎን አከብራለሁ፤ እኔ ግን በሚገባ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ወረራ በተጀመረ በቀናት ውስጥ በዋና ከተማዋ በኪየቭ አቅራቢያ ያለው የኢቫንኪቭ ከተማ ሙዚየም ተቃጠለ። የአካባቢው ሰዎች የማሪያ ፕሪማቼንኮን ሥዕሎች ከእሳት አወጡ። አበቦችንና እንግዳ አውሬዎችን የምትሥል የገጠር ሴት ነበረች፤ ዩክሬናውያን ራሳቸውን ያዩባታል።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካችው ዩክሬናዊቷ የጥበብ ሰው ዣና ካዲሮቫ ናት። ከኪየቭ ሸሽታ በምዕራብ ዩክሬን ባለው በትራንስካርፓቲያ ክልል ተጠለለች፤ ወንዝ ያለሰለሳቸውን ክብ ድንጋዮች ለቅማ እንደ ዳቦ ቆራረጠቻቸው። ቁራጮቹ ለገበታ የቀረቡ ይመስላሉ፤ ጥርስ ግን አይበግራቸውም። የተራበና የተከበበ ሕዝብን ሁኔታ ከዚህ አጥርቶ ያሳየኝ ሥራ የለም። ከሽያጩ የተገኘውን ገንዘብም በአገሯ ለቀሩት መርጃ አዋለችው።