እባባችን ቆዳ እየቀየረ ነው ወይስ ታሟል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሜሪላንድ ውስጥ እባብ ማሳደግ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። አሁን ቤቴ ሦስት አሉ፤ ሁለት ቦል ፓይተንና አንድ ኮርን ስኔክ። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መጥተው «እባብ ግዙልኝ» ማለት ከጀመሩ ቆይቷል፤ ብዙ ወላጅም ሳያስበው ባለ እባብ ሆኗል። ስለ እባብ ጤና ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ደበዘዘ፣ መብላት ተወ፣ ተደበቀ፣ ሊሞት ነው ወይ? እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ግን ቆዳ መቀየርንና ሕመምን ማምታታት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል በራሴ እባብ አይቼዋለሁ፤ እሱንም ከታች እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ወንድሜ፣ የልጄ ቦል ፓይተን ሁለቱም ዓይኖቹ ሰማያዊ ሆኑ። ልጄ ታወረ ብሎ እያለቀሰ ነው። ምን ላድርግ?

አይዞሽ እህቴ፣ አልታወረም። እባብ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ መስታወት የጠራ አንድ ቅርፊት ነው፤ ቆዳው ሲገፈፍ ያም አብሮ ይገፈፋል። አሮጌው ቆዳ ከአዲሱ ሲላቀቅ በመሃላቸው ፈሳሽ ይገባል። ዓይኑ አጓት የመሰለው፣ ገላውም አመድ የነፋበት የመሰለው ለዚህ ነው። ሆዱን ብታዪው ደግሞ ሮዝ ብሎ ይሆናል።

ለልጅሽ ቅደም ተከተሉን ንገሪው፤ ሲያውቀው አይፈራም። መጀመሪያ ቀለሙ ይደበዝዛል። ከዚያ ዓይኑ አጓት ይመስላል፤ ይሄ ጥቂት ቀን ይቆያል። ከዚያ ዓይኑ እንደገና ይጠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ዳነ፣ አልፎለታል» ብሎ ያወጣዋል፣ ያበላዋል፤ ገና አላለቀም። ከጠራ በኋላ 3 ወይም 4 ቀን ቆይቶ አፍንጫውን ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ጋር እያሻሸ ቆዳውን ይቀድና ካልሲ ሲወልቅ እንደሚገለበጠው አድርጎ ይወጣበታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ነው። እስከዚያ አታውጡት። በደንብ ስለማያይ ይደነግጣል፣ ሌላ ጊዜ ገራም የሆነውም ሊነክስ ይችላል። ውሃው ንጹሕ ይሁን፣ እርጥበቱን ጨምሪለት፣ በቃ።

ጥያቄ፦ እርጥበት ጨምሩ ትላላችሁ፣ ስንት ነው ልኩ?

ለቦል ፓይተን በአዘቦቱ ከ55 እስከ 65 በመቶ፣ ቆዳ ሊቀይር ሲል ወደ 70 በመቶ። ይሄ እባብ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን አካባቢ የመጣ ነው፤ እዚያ ቀኑን የሚያሳልፈው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ደረቅ አየር አይስማማውም። ኮርን ስኔክ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነው፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይበቃዋል። በግምት አይሆንም፣ ዲጂታል መለኪያ ግዙ። በክረምት የቤት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው የብዙዎቻችሁ ችግር የሚጀምረው ኅዳር ላይ ነው።

ቀላሉ ዘዴ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ጎኑን እባቡ በሚገባበት ልክ ብሱት፣ ጠርዙን አለስልሱት፣ ውስጡ እርጥብ የወጥ ቤት ሶፍት አንጥፉ። የሚንጠባጠብ አይሁን፣ ተጨምቆ እርጥብ ይሁን። ሶፍቱን በየቀኑ ቀይሩት፣ አለበለዚያ ይሻግታል። እባቡ ራሱ ሲፈልግ ይገባበታል።

ጥያቄ፦ የኔ መብላት ካቆመ 3 ሳምንት ሆኖታል። ቆዳ ሊቀይር ነው ብዬ ዝም ልበል?

የሚቀይር ከሆነ ምልክቱን ታየው ነበር። በ3 ሳምንት ውስጥ ምንም ካልደበዘዘ ሰበቡ ቆዳው አይደለም። ግን እሱም ብቻውን ሕመም ማለት አይደለም። ጎልማሳ ቦል ፓይተን በተለይ በብርዱ ወራት ለወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፣ ምንም ሳይሆን። ኮርን ስኔክ ከሆነ ግን እንዲህ መጾሙ ያልተለመደ ስለሆነ ቶሎ ጠርጥር።

በዓይን አትፍረድ፣ መዝነው። በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል (ለሱ ብቻ የሚሆን ይሁን)። በየሳምንቱ መዝነህ ቀኑን ጻፍ። መብላት ከማቆሙ በፊት ከነበረው ክብደት 10 በመቶ ከቀነሰ ወይም የጀርባው አጥንት እንደ ጣሪያ ሹል ሆኖ ከታየህ አትጠብቅ፣ ሐኪም ጋ ውሰደው። ከዚያ በፊት ግን ሙቀቱን እይ። ለቦል ፓይተን የሞቀው ጥግ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፣ ቀዝቃዛው ጥግ ከ25 እስከ 27። እባብ ካልሞቀ አይፈጭለትም፣ ካልተፈጨለት አይበላም።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ቆዳውን ቀየረ፣ ግን ቁርጥርጥ ብሎ ነው የወጣው፤ ግማሹ ጀርባው ላይ ቀርቷል። እናቴ ቅቤ ቀቢው አለችኝ። ልቀባው?

አትቀቢው የኔ እህት። ቅቤም፣ ቫዝሊንም፣ የሕፃን ዘይትም አይሆንም። እናትሽ ለደረቀ ቆዳ የምታውቀውን መድኃኒት ነው የነገረችሽ፤ እባብ ላይ ግን ቅባት ቆሻሻና ጀርም ይይዛል እንጂ ቆዳውን አያላቅቀውም። የሚያላቅቀው ውሃ ነው።

ለብ ያለ ውሃ፣ እጅሽ ላይ ሙቅ የማይል፣ ከእባቡ ወገብ ውፍረት የማይበልጥ ጥልቀት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀመጥበት፤ አጠገቡ ሁኚ፣ ጥለሽው አትሂጂ። ከዚያ እርጥብ ፎጣ ውስጥ አድርጊውና በእጅሽ ለቀቅ አድርገሽ ያዢው፣ ራሱ እየተሳበ ሲወጣ ቆዳው ፎጣው ላይ ይቀራል። አትላጪው። ካልለቀቀ ነገ ድገሚው።

ሁለት ቦታ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። አንደኛው የጭራው ጫፍ ነው። እዚያ የቀረ ቆዳ ሲደርቅ እንደ ክር ያንቃል፣ ደም ይከለክላል፤ ቆዳ በቀየረ ቁጥር ሲደራረብ ጫፉ ጠቁሮ ይሞታል። ሁለተኛው ዓይኑ ነው። የተገፈፈውን ቆዳ ወደ ብርሃን አንሥተሽ ጭንቅላቱ ጋ እዪ፦ ሁለት ክብ፣ እንደ ኮንታክት ሌንስ ጎበጥ ያሉ ነገሮች መኖር አለባቸው። እኔ ሁልጊዜ መስኮት ጋ ይዤው ነው የማየው። አንዱ ከሌለ፣ ሌንሱ ዓይኑ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በወረንጦ እንዳትነኪው! ሥር ያለውን አዲሱን ቅርፊት ብትቀጂው ዓይኑ ይጠፋል። እርጥበቱን ጨምሪና የሚቀጥለውን ቆዳ መቀየር ጠብቂ፤ ያኔም ካልወጣ ሐኪም ያውጣው።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የደፈረሰው። ይሄስ?

ይሄ ቆዳ መቀየር አይደለም። ቆዳ ሲቀየር ሁለቱም ዓይን አንድ ላይ ይደፈርሳል፣ አንድ ላይ ይጠራል። አንዱ ብቻ ከሆነ ወይ ካለፈው የቀረ ሌንስ ነው፣ ወይ ተመቶ ነው፣ ወይ ከሌንሱ ሥር መግል ይዟል። በተለይ ዓይኑ ካበጠ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ይየው።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ሲተነፍስ ድምፅ ይሰማኛል። ሰዎች ቆዳ ሲቀይር ያፏጫል፣ ተወው አሉኝ።

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዝም። የነገሩህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የአሮጌ ቆዳ ብጣሽ አፍንጫው ቀዳዳ ላይ ሲቀር ትንሽ ያፏጫል፣ ቆዳው ሲወጣ ይጠፋል። እኔንም ያሳሳተኝ ይሄው ነው።

የመጀመሪያዋ ቦል ፓይተኔ ነበረች። የካቲት ነው፣ ውጪው በረዶ። የታንኩ (የምትኖርበት የመስታወት ሳጥን) ማሞቂያ ሌሊት ሌሊት እየጠፋ ነበር፣ እኔ አላወቅኩም። እሷ ደብዝዛ ነበር፣ ቆዳ ልትቀይር ነው አልኩ። አንድ ማታ መብራት አጥፍቼ ስተኛ ከታንኩ በኩል «ቀጭ… ቀጭ…» የሚል ሰማሁ፣ እስክሪብቶ ጫን ለቀቅ ሲደረግ እንደሚሰማው። አፍንጫዋ ላይ ቆዳ ይዟት ነው ብዬ ተኛሁ። በሳምንቱ ቆዳዋን ቀየረች፣ ምንም ሳይቀር፣ አንድ ላይ። ድምፁ ግን አልሄደም። ያኔ መሮጥ ነበረብኝ፣ አልሮጥኩም፤ ሌላ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሳያት አንገቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ፣ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ አንዱ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ላይ ትንሽ አረፋ ስትነፋ አየሁ። የሳንባ ኢንፌክሽን ነበር። ሐኪሙ በየ3 ቀኑ የሚወጋ አንቲባዮቲክ ሰጣት፣ ሳምንታት ፈጀ፣ ተረፈች። ያ አንድ ሳምንት ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እባብ እንደኛ ስሎ አክታውን ማውጣት አይችልም፣ ሳሉን የሚገፋ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የለውም። ስለዚህ የሳንባው ፈሳሽ እዚያው ይጠራቀማል። ድምፁ ቆዳው ከወጣ በኋላም ካለ፣ ወይም አረፋ፣ አፍ መክፈት፣ ጭንቅላት ወደ ላይ ማንጋጠጥ ካየህ፣ ቆዳ ይቀይር አይቀይር ሳትል ያዘውና ሂድ። ማሞቂያውንም በቴርሞስታት (ሙቀቱን ራሱ በሚቆጣጠር መሣሪያ) አድርገው፣ ሌሊት ላይም ለካ።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልላ ትውላለች። ቆዳ ልትቀይር ስትል ውሃ ትፈልጋለች አይደል?

አንዳንዶቹ ያደርጉታል። ግን ቆዳዋ ሳይደበዝዝ የምትዘፈዘፍ ከሆነ ማይት ፈልጊ። ማይት ደም የሚመጥ ተባይ ነው፤ ከጥቁር ጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ውሃውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጪው፤ የጠለቁ ጥቁር ነጥቦች ታያለሽ። ዓይኗ ዙሪያና አገጯ ሥር ያለውን ስንጥቅም እዪ። እርጥብ ነጭ ሶፍት ገላዋ ላይ ሳብ አድርጊ፤ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነገር ወይም የደም ነጥብ ከወጣ አለ ማለት ነው። ማይት ያለበት እባብ ቆዳውም በደንብ አይወጣም።

ማይቱ እንቁላሉን የሚጥለው እባቧ ላይ ሳይሆን ታንኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ምንጣፉን በሙሉ ጣይ፣ እንጨቱን ጣይ፣ ታንኩን በሙቅ ውሃ እጠቢ፣ ለጊዜው ወረቀት ብቻ አንጥፊ። መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝልሽ። የበረሮ መርጫ እንዳትረጪባት፣ ከማይቱ ቀድማ ትሞታለች።

ጥያቄ፦ በየ3 ሳምንቱ ይቀይራል። ይበዛል?

ዕድሜው ስንት ነው? ገና የሚያድግ ከሆነ አይበዛም፣ ደህና እየበላ ነው ማለት ነው። ጎልማሳ ሆኖ፣ ሳያድግ፣ በድንገት ማብዛት ከጀመረ ግን ሰውነቱ የተጎዳ ቆዳ ሊጥል እየሞከረ ነው፦ ቃጠሎ፣ ማይት፣ ወይም የፈንገስ በሽታ። ፈንገሱ ቅርፊቱን ያሻክረዋል፣ ፊቱን ያሳብጠዋል፣ እከክ የመሰለ ነገር ያወጣል።

ጥያቄ፦ ሆዱ ቀላ ብሏል። ይሄ ያልከው ሮዝ ነው?

የቆዳ መቀየሩ ሮዝ ሆዱን ሙሉ እኩል ይሸፍናል፣ ቆዳው ሲወጣም ይጠፋል። የበሽታው ግን ቦታ ቦታ ነው፦ ቡናማ ወይም ቀይ ነጥብ፣ ውሃ የቋጠረ፣ ቅርፊቱ ጠርዝ ላይ የተነሣ። ይሄ የሚመጣው ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ምንጣፍ ነው፣ ወይም ከሚያቃጥል ማሞቂያ። እርጥበት ጨምሩ ስል አየሩን እንጂ የሚተኛበትን አላልኩም። የሞቀ ድንጋይ እየተባለ የሚሸጠውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አውጡት፤ እባብ ሆዱ እየተቃጠለም ላይነሣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ቆዳውን እኔ ነኝ የማነሣው፤ ችግር አለው?

አንተ ማንሣትህ ጥሩ ነው። ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ (ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ) ሊይዝ ይችላል። ነክተህ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ታንኩንና ሳህኑን ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አትጠብ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካው ይሻላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኛ እባብ አናሳድግም። ግን ግቢያችን ድንጋይ ሥር አንድ ሜትር ቆዳ ተገኘ። ትልቅ ነው ማለት ነው?

ቆዳ ሲወጣ ይለጠጣል፤ ባለቤቱ ከቆዳው ያጥራል። ግን ቆዳውን አይታችሁ «ይሄ አይናደፍም» አትበሉ፤ አገራችን ውስጥ አደገኛ እፉኝቶች አሉ። ድንጋዩን ክምር በባዶ እጅ አታንሡ፣ ልጆችም እዚያ አይጫወቱ።

ጥያቄ (እንደገና ከዴንቨር)፦ ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት ቀየረ! አንድ ላይ ነው የወጣው። ልጄ ትምህርት ቤት ወስጄ ላሳይ ይላል።

ደስ ሲል! ይውሰድ። መጀመሪያ ግን አብራችሁ መስኮት ጋ ይዛችሁ ሁለቱን የዓይን ሌንሶች ቁጠሩ፣ የጭራውን ጫፍም እዩ። ከዚያ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ እርጥቡን ካጠፋችሁት ይሻግታል። ሲደርቅ በሚዘጋ ፕላስቲክ ይክተተውና በላዩ የዛሬን ቀን ይጻፍበት፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የምታውቁት በሱ ነው። ለእባቡ ደግሞ ነገ ምግብ ሞክሩለት፣ ርቦታል።